አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም

«አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ምን ለየው?» የሚለው አባባል ስለ ግቢ በተነሣ ቁጥር እንደ መጨረሻ ፍርድ ይሰማል። ቤት የሠራ ሰው ግቢውን ሲያሳምር፣ ሪል ስቴት ቪላውን ለሽያጭ ሲያዘጋጅ፣ ሆቴል ደጁን ሲያስውብ የሚከተሉት ሥርዓት አንድ ነው። መሬቱ ይጠረጋል፤ የነበረው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ ገሚሱ ኮብልስቶን ይለብሳል፤ በቀረው ላይ ሣር ይነጠፋል። አጥሩን ተከትሎ ዱራንታ ይደረደራል፣ በሩ ላይ ቡገንቪላ ይወጣል፣ ጥግ ላይ ከውጭ የመጣ ዘንባባ ይቆማል። ከዚያ «ግቢው አማረበት» ይባላል። ወይራው፣ ብርብራው፣ ቀጋውና አጋሙ ግን «የጫካ» ወይም «የገጠር» ተብለው ከበር ይመለሳሉ። ሲከበሩም የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ይባላሉ እንጂ የቤት አይባሉም።

ከዚህ ፍርድ ጋር ሙግት አለኝ። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ለዓይን የለመለመ ግቢ ለንብ፣ ለቢራቢሮና ለወፍ ምድረ በዳ ሊሆን ይችላል፤ የከተማ ግቢዎቻችንም ወደዚያው እያመሩ ነው። ደጋው ታርሶ፣ ተዳፋቱ ተራቁቶ፣ የቀረው ደን በየአጥቢያው አጥር ውስጥ በተከተተበት በዚህ ዘመን፣ ግቢ ያለው ሰው የያዛት ቁራሽ መሬት የጌጥ ጉዳይ ብቻ ልትሆን አትችልም። ስለዚህ ግቢ ያለው ሁሉ ቢያንስ ግማሹን ለሀገር በቀል ዕፅዋት መስጠት አለበት እላለሁ። ደስ ሲለው የሚያደርገው በጎነት ሳይሆን መሬት የያዘ ሰው ዕዳ ነው።

ከቅጠሉ እንጀምር። ዛፍ ከሚበሉት ነፍሳት ራሱን የሚጠብቀው በቅጠሉ ውስጥ በሚያዘጋጀው መራራ ወይም መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። ይህ መከላከያ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ነፍሳቱም በረጅም ዘመን አብረዋቸው የኖሩትን ዕፅዋት መርዝ መቋቋም ለምደዋል፤ ያልለመዱትን ቅጠል ግን አብዛኞቹ አይደፍሩትም። ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያ ወይም ከሜክሲኮ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ግቢ ውስጥ ሲቆም ቅጠሉ ሳይበላ የሚኖረው ለዚህ ነው። ባለቤቱ «ተባይ አይነካውም፣ ንጹሕ ነው» ብሎ ያመሰግነዋል። ያ ንጽሕና ግን የሌላው ረኃብ ነው። አዋቂ ሲሆኑ ጥሬ የሚለቅሙ ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ለስላሳ ነፍሳትን እየመገቡ ነውና፣ አባጨጓሬ በጠፋበት ጫጩት አያድግም።

ጃካራንዳ ንብ ይጠራል፣ ቦትልብራሽም የአበባ ወፍ ይስባል የሚል ተከራካሪ እውነቱን ነው። የአበባ ማር ግን ለአዋቂው ብቻ የቀረበ ማዕድ ነው። ቢራቢሮዋ ከመጤው አበባ ጠጥታ እንቁላሏን የምትጥልበት ቅጠል ካጣች ዘሯ በእሷ ያበቃል። ግቢውን በቢራቢሮ ብዛት ብቻ የሚለካ ሰው እንግዳን ከቤተሰብ ጋር ያምታታል።

ይህ በመላ ምት የተነገረ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ዴዚሬ ናራንጎ፣ ዳግላስ ታላሚና ፒተር ማራ የተባሉ ተመራማሪዎች በመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ ካሮላይና ቺካዲ የተባለችን ትንሽ ወፍ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ወፏ ዘሯን መተካት የቻለችው ከግቢው ተክል ቢያንስ 70 በመቶው የዚያ አገር በቀል በሆነበት ቦታ ነበር። ታላሚ እንደሚጽፈው አንድ የቺካዲ ጥንድ አንድ ዙር ጫጩት አሳድጎ ለማስወጣት ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ይለቅማል። ግቢዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ ወፎቹ ግን በገሚሱ ይራቡ ነበር። ቅጠል፣ ነፍሳት፣ ወፍ የሚለው ሰንሰለት በእንጦጦ ሥርም ሆነ በፖቶማክ ወንዝ ዳር አንድ ነው፤ የሚለያየው የዛፎቹ ስም ነው።

አንዳንዱ ዝምድና ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። የዋርካና የሾላ አበባ በፍሬው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይበቅላል። ወደዚያ ገብታ የምታዳቅለው ደቃቅ ተርብ ናት፤ አብዛኛው የሾላ ወገን የራሱ ተርብ አለው፣ ተርቧም ከእሱ ሌላ የምትራባበት ቤት የላትም። ከእስያ መጥቶ በየበረንዳው የሚከረከመው ፊከስ ተርቡ አብራው ካልመጣች ዘር አይቋጥርም። የእኛው ሾላ ግን ሲያፈራ እርግብ፣ ጉሬዛና የሌሊት ወፍ ይመግባል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው ጥቁር ክንፍ ያላት አረንጓዴ ትንሽ በቀቀንም የሾላና የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትለቅማለች። ዋርካ ለመኖሪያ ግቢ እንደሚገዝፍ አውቃለሁ፤ የሰፈር አደባባይና የትምህርት ቤት ሜዳ ግን አይጠብበትም። ጥዱም ሰፋ ላለ ግቢ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው «ሀገር በቀል ዛፍ አያድግም፣ ለልጅ ልጅ ነው» የሚል ነው። ወይራና ዝግባ ቀስ ብለው ማደጋቸው እውነት ነው። ከሁለቱ ተነሥቶ በሁሉም ላይ መፍረድ ግን ልክ አይደለም። ብሳናና ግራዋ ፈጣን ናቸው። ኮርችና ሰንሰል ችግኝ እንኳ አይጠይቁም፤ ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል፤ ገበሬው ለሕያው አጥር የሚመርጣቸውም ለዚሁ ነው። ኮርች በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በተፈጥሮ የሚበቅልበት አገር የለውም፤ በበጋ የእሳት ቀለም ያለው አበባ ሲያወጣ ከቡገንቪላ የሚያንስ ውበት የለውም። ብርብራም እንደዚሁ የእኛው ብቻ ነው፤ ሐምራዊ አበባው ለጃካራንዳ ወዳጆች የሚሆን መልስ ነው። ዝግታስ ቢሆን ነውሩ ምንድን ነው? ቤቱን ለልጅ ልጅ ይቆያል ብሎ በድንጋይ የሚሠራ ሰው ዛፉ በሦስት ዓመት ካልደረሰ ብሎ ሊያማርር አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይዝረከረካል፣ እባብ ያስገባል» የሚል ነው። ያልተያዘ ተክል የትም ይበቀል የት ይዝረከረካል፤ ዱራንታም ካልተከረከመ ጫካ ይሆናል። ግቢን ሥርዓት የሚያስይዘው የአትክልተኛው እጅ እንጂ የተክሉ የትውልድ አገር አይደለም። ቀጋን በአጥር ላይ መምራት፣ አጋምን እንደ ግድግዳ መከርከም፣ አምጃን ከመንገዱ ዳር በረድፍ መትከል ይቻላል። አጋም በዚያ ላይ ነጭ መዓዛማ አበባና የሚበላ ጥቁር ፍሬ ይሰጣል፤ እሾሁም ሽቦ ሳይጨመርበት ሌባ ይከለክላል። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛ ጽጌረዳ ነው። የጽጌረዳ ፍቅር ያለው ሰው የአገሩን ጽጌረዳ እየመነጠረ የሌላውን በውድ መግዛቱ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከታሪክ የሚነሣ ነው። ባሕር ዛፍ ባይመጣ አዲስ አበባ እንደ ከተማ ባልቆየች ነበር ይባላል፤ ዐፄ ምኒልክ የማገዶ እጥረት ጸንቶባቸው ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በርበሬውም፣ ድንቹም፣ በቆሎውም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ሁሉንም እቀበላለሁ። ባሕር ዛፍ የማገዶና የግንባታ ጥያቄን መልሷል፤ በርበሬና ድንች ሆድ ሞልተዋል። እኔ የምሟገተው ከጓሮ አትክልቱ ጋር አይደለም። ማገዶም ምግብም መድኃኒትም ሳይሆን ለጌጥ ብቻ የተተከለው መጤ ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሲይዝና ነባሩን ሲያስወጣ ነው። ታሪክን ከጠቀስን ደግሞ ሙሉውን እንጥቀስ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የሐበሻ ጥድ አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ይነገራል። ሀገር በቀል ዛፍ መትከል ከውጭ የተማርነው አዲስ ፋሽን አይደለም።

አራተኛው ተቃውሞ በግልጽ አይነገርም፤ ሁሉንም የሚሸከመው ግን እሱ ነው። የውጭው ያምራል፣ የእኛው ተራ ነው የሚል እምነት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ብሂል እንደዚህ የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል ሚሊዮኖችን የሚመግበው እንሰት በአውሮፓና በአሜሪካ የአትክልት ቦታዎች ለውበቱ ብቻ ይተከላል። የብሪታንያ ንጉሣዊ የሆርቲካልቸር ማኅበርም ለአትክልት ቦታ ብቁነቱን መስክሮ ሽልማት ሰጥቶታል። ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ የሚበቅለው፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ በወይን ጠጅ ቀለም የተነካው የግላዲዮለስ ዝርያ በየዓመቱ ሥሩ ታሽጎ በአውሮፓ ገበያ ይሸጣል። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን ያቀሉበት እንሶስላ፣ ትልልቅ ነጭ አበባ የሚያወጣው ያ ተክል፣ በእንግሊዝ አትክልተኞች ዘንድ እየተፈለገ ይተከላል። ዓለም ውበታቸውን አይቶ በብር የሚገዛቸውን እኛ አርም ብለን እንነቅላለን።

ሆሣዕና ሲደርስ ዘንባባ ፍለጋ የምንወጣ ሰዎች በግቢያችን ያቆምነው ዘንባባ የሌላ አህጉር ነው። ለእንቁጣጣሽም ያው ነው። አደይ አበባ ከልጆች እጅና ከመንገድ ዳር እንገዛለን፤ ያ አበባ የሚለቀምበት የከተማ ዳር ሜዳ ግን በየዓመቱ እየታጠረ ቤት ይሠራበታል። አደይ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ በዚያው ዓመት የሚሞት ተክል ነው። የሚፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ፣ ማለትም እስከ ኅዳር፣ ሳይታጨድ መቆየት። በየሳምንቱ የሚታጨድ የጌጥ ሣር ይህን ዕድል አይሰጠውም። ከግቢያችን አንድ ጥግ ሳይታጨድ ብንተው የአዲስ ዓመታችን አበባ ከደጃችን በበቀለ ነበር። የአደይን ዘመን እያከበሩ ለአደይ ስንዝር መሬት መንፈግ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ ነው።

የጌጥ ፍቅር ብቻውን ሲመራን የሚደርሰውን ጣና ያሳየናል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው አምሮ ለኩሬ ማስዋቢያ ስለተፈለገ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መኖሩ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በእጁም በማሽንም ሲያወጣው ኖሯል። የወፍ ቆሎም እንዲሁ በጌጥ ተክልነት ተወዶ ነው በብዙ አገሮች የተሰራጨው፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ዛሬ የግጦሽ መሬት ይወርራል። መጤ ሁሉ ወራሪ ነው አልልም፤ አብዛኛው አይደለም። ነገር ግን የትኛው እንደሚወርር አስቀድሞ የሚነግረን የለም፣ ከአጥር ካመለጠ በኋላም የሚመልሰው የለም። ሀገር በቀሉን የሚተክል ሰው ይህን ዕዳ ለልጆቹ አያወርስም።

የውኃ ነገር ደግሞ አለ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ነው። ከተማዋ ውኃ በፈረቃ የምታድል ናት፤ አንዱ ቤት በጀሪካን ሲቀዳ ጎረቤቱ ሣሩ ቢጫ እንዳይሆን ጎማ ዘርግቶ ያጠጣል። የደጋው ነባር ዕፅዋት ከዚህ ወቅት ጋር ተስማምተው የኖሩ ናቸው። ወይራና የሐበሻ ጥድ ሥር እስኪሰዱ ሁለት ወይም ሦስት በጋ ውኃ ይፈልጉ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይበቃቸዋል። ሬትና እንዳሁላማ ውኃቸውን በቅጠላቸው ይዘው ይከርማሉ። ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ሁለቱን በረንዳ ላይ በማሰሮ ማሳደግ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የዕውቀቱ መጥፋት ነው። የድሮው ግቢ የጌጥና የሥራ ቦታ ለይቶ አያውቅም ነበር። ግራዋው ጋን ያጥባል፣ ወይራው ጋኑንና የወተቱን ዕቃ ያጥናል፣ ጌሾው ለጠላና ለጠጅ ይሆናል፣ ዳማከሴው ምች ለመታው ሰው ይታሻል፣ እንዶዱ ነጠላ ያነጣል። ከዚህ ዕውቀት ምን ያህል ነገር እንደሚወጣ ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሱበት። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ያ ግኝት የተገኘው እንዶድ በሰው ኑሮ ውስጥ ስለነበረ ነው። ዱራንታና ሣር ብቻ እያየ ያደገ ልጅ የእንዶድን ስም በመጽሐፍ ቢያነብ እንኳ ቅጠሉን አይለየውም፤ ያልለየውንም ሊመረምር አይችልም።

ከግቢያችን ያስወጣነው ሀብት ትንሽ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት 6,000 ገደማ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ አሥር በመቶ ያህሉ በዚህ ምድር ብቻ የሚገኙ ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት ብቻ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተገኝተዋል። እነዚያ ደኖች በእርሻ ባሕር የተከበቡ ደሴቶች ናቸው፤ ካህናቱና ምእመኑ ባይጠብቋቸው ኖሮ ዘሩም አይገኝም ነበር። ምእመኑ በአጥቢያው ቅጥር የሚሳሳለትን ዛፍ በገዛ ቅጥሩ የሚነቅለው በምን ምክንያት ነው?

ሀገር በቀል ስል ግን በዘር ሐረግ የሚለካ ነገር አይደለም የማወራው፤ በቦታ የሚለካ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዛው ወገናችን በግቢው ኮሶ ልትከል ቢል አልደግፈውም፤ ለዚያ ምድር ኮሶ መጤ ነው። እዚያ የእሱ ግዴታ የዚያ አገር ኦክ ዛፍ መትከል ነው፤ ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥልበትን ሚልክዊድም እንደ አርም አለመንቀል። ለናፍቆት ዳማከሴን በማሰሮ ይያዝ፤ መሬቱን ግን ለመሬቱ ይስጥ። ሰው የትም ቢኖር ያስጠጋችውን ምድር ነባር ነዋሪዎች ማስጠጋት አለበት፤ ክርክሬ ይኸው ነው፣ ከብሔርተኝነትም ከባዕድ ጥላቻም አልተቀዳም።

የመጨረሻው ሰበብ «ችግኙ የት ይገኛል?» የሚል ነው፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉት ችግኝ ጣቢያዎች በብዛት የሚሸጡት የውጭ ጌጥ ነው። ዕውቀቱ ግን ጠፍቶ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ሀገር በቀል ዛፎችን ማባዛት አይቻልም የሚለውን አስተሳሰብ በምርምራቸው ተሟግተውታል፤ የማባዣ ዘዴዎቹንም እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ 705 ሄክታር የያዘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም የእነዚህን ተክሎች ዘር ይጠብቃል። የጎደለው ገዢ ነው። ችግኝ ሻጭ የሚያፈላው የሚሸጥለትን ነው፤ ማንም ኮርች ካልጠየቀው ኮርች የሚያፈላበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ቁርጥ ያለ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መሬቱን ከማስጠረጉ በፊት ምን እንደበቀለበት የሚያውቅ ሰው ጠርቶ ያሳይ፤ የተገኘችውን ወይራ ወይም ግራር አጥር ውስጥ ያስቀር። ሣር የዘረጋ ሰው ግማሹን ያንሣ፤ በምትኩ በአጥሩ ላይ ቀጋና ሰንሰል፣ በጥጉ ብርብራ ወይም ኮርች፣ በጓሮው ግራዋና እንሶስላ ይትከል። የከተማ አስተዳደሩም በአደባባይና በመንገድ ዳር የሚያስተክለው ሕዝቡ የሚኮርጀው ምሳሌ መሆኑን ተገንዝቦ ከነባሩ ይጀምር። ችግኝ ገዢ ሁሉ ደግሞ በሚመጣው ሰኔ ወደ ጣቢያው ሲሄድ ተክሉን በስሙ ጠርቶ «አለ?» ብሎ ይጠይቅ። «የለም» ቢባል በሌላ ጌጥ ተደልሎ አይመለስ፤ ነጋዴውን «ለከርሞ አፍላልኝ» ብሎ ቀብድ ይስጠው። መቶ ሰው ቀብድ የሰጠበትን ዛፍ የማያፈላ ነጋዴ የለም።